ሙሉ ሚዛን፣ ያበጠ ጣውላ

አዲስ አበባ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለመስኡዳ ሀሚድ
ሐይቅ

ከሁሉ አስቀድሜ ለአንቺ፣ ለእናትሽና ለማኅበሩ አባላት በሙሉ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

«ለምን በስልክ አያነጋግሩንም?» ላልሽው መልሱ አጭር ነው፤ አልሰማም። ሐኪሙ በግራ ጆሮዬ ተስፋ ቆርጧል፤ የቀኙን ገና እየመረመረው ነው። እናንተ ስትደውሉ ልጄ ስህን ታነሳለች፣ ረጅም ጊዜ ታወራለች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ አውራ ጣቷን ወደ ላይ ቀስራ ታሳየኛለች። ሠላሳ አንድ ዓመት ከውጫሌ እስከ ደሴ ችሎት ላይ የተቀመጠ ሰው በአውራ ጣት አይረካም። ስለዚህ ጻፊልኝ። ሙዘይን ሚኒባሱን ይዞ በሳምንት ሁለት ጊዜ ስለሚመላለስ እጅ በእጅ ያደርስልናል።

ሥራችሁን የበላይ ጠባቂ ሆኜ ስቀበል ምን ቃል እንደገባሁ ታስታውሻለሽ። የሐይቁ ዓሣ አጥማጆች ከጀልባ የሚወጡበት መረማመጃ ባሕር ዛፍ ስለሆነ በሁለት ክረምት ይበሰብሳል። እኛ በቢጫ ጀሪካንና በሰጋቱራ የማይበሰብስ ጣውላ እንሠራለን ብለን ሼድ ተቀበልን። ጥሬ ሰጋቱራ ውሃ ስለሚጠጣ፣ ከጀሪካኑ ጋር ከመቅለጡ በፊት አየር በማያስገባ በርሜል ውስጥ በሙቀት ይብሰል ተባባልን። ከኢድ በኋላ የሼድ ኮሚቴው ይመጣል። ጣውላው አሥራ አምስት ቀን ውሃ ውስጥ ሰንብቶ ካበጠ ሼዱ ለብሎኬት አምራቾች ይሰጣል። ያን ጊዜ አንቺም ወደ ዓረብ አገር እንደምትመለሺ ነግረሽኛል። ለእኔ ከሼዱ ይልቅ የከበደኝ ይህ የመጨረሻው ነው።

እንግዲህ ሦስት ነገር ንገሪኝ። በርሜሉ በስንት ዲግሪ ይሞቃል? ለስንት ሰዓት? የተሠራው ጣውላ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ምን ሆነ?

አክባሪሽ
ፈንታሁን ዝናው


ሐይቅ፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ ለዳኛ ፈንታሁን ዝናው
አዲስ አበባ

አሰላሙ ዐለይኩም። ጤናዎ እንዴት ነው? ጆሮዎ እንዴት ነው? እህቴ ስህን እንዴት ናት? ልጆቿስ? እኛ አልሐምዱሊላህ አንድም ነገር አልሆንን። እናቴ «ዳኛዬን ሰላም በይልኝ፤ በዱዓዬ አልረሳቸውም» ብላለች። በርሜሉን የያዙት ጋሽ ኑርዬም ከአርዲቦ እስከ አዲስ አበባ የሚደርስ ሰላምታ ልከውልዎታል። የጆሮ መድኃኒት እናውቃለን የሚሉ ሦስት ሰዎች መጥተው ነበር፤ ሁለቱ ቅጠል ነው ያሉት፣ አንዷ ግን ለብ ያለ ዘይት ነው ስላለች እሷን አመንኳት። ሐኪሙን ሳያስፈቅዱ እንዳይሞክሩት።

ዘንድሮ ሐይቁ ደግ ነው። ቆሮሶ የተባለው ዓሣ በሽ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ መረማመጃው መቼ ይደርሳል እያሉ በቀን ሁለቴ ሼዱ በር ላይ ይቆማሉ፤ «አብሽሩ» እንላቸዋለን።

ስለ ሥራው የጠየቁን ሁሉ ደህና ነው። እርስዎም አብሽሩ። ሐሳብ ለጆሮ አይበጅም ይላሉ።

ልጅዎ
መስኡዳ


አዲስ አበባ፣ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለመስኡዳ ሀሚድ

ሰላምታዬ እንደ በፊቱ ነው፤ ቦታ ለመቆጠብ አልደግመውም።

ደብዳቤሽን አራት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ በደስታ፣ ከዚያ በጥንቃቄ፣ በሦስተኛው ብዕር ይዤ፣ በአራተኛው ራሴን ይዤ። ሦስት ነገር ጠይቄሽ ስለ ሦስት የጆሮ መድኃኒት አዋቂዎች ጻፍሽልኝ። ዲግሪ የለም፤ ሰዓት የለም፤ ጣውላ የሚለው ቃል አንድ ጊዜ እንኳ የለም። «አብሽሩ» ግን ሁለት ጊዜ አለ።

ልጄ፣ የወሎ ሰው ነኝና «አብሽር» ምን ያህል የሚያጽናና ቃል እንደሆነ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ነገር ግን ቤቱ የተቃጠለበትም፣ በሬው የጠፋበትም፣ ሠርግ የደገሰውም እኩል «አብሽር» ይባላል። ከዚህ ቃል ተነሥቶ የበርሜል ሙቀት ማወቅ አይቻልም።

የሙቀት መለኪያውን ከዚህ ገዝቼ በሙዘይን እጅ የላክሁት ለጌጥ አይደለም። ከሁለት መቶ ዲግሪ በታች ከሆነ ሰጋቱራው ጥሬ ነው። ከሁለት መቶ ሠላሳ ካለፈ ደግሞ ጣውላው እንደ ገል ይሰባበራል። ይህን ከዩኒቨርሲቲ መምህር ጠይቄ ነው የማውቀው፤ እኔ እንደምታውቂው የሕግ ሰው ነኝ።

በግድግዳው ላይ የለጠፍኩላችሁ ባለ ዘጠኝ አንቀጽ ደንብም መከበሩን አሳውቂኝ። መዝገቡንም ገልብጠሽ ላኪልኝ። ቁጥር ጻፊ፤ ቁጥር አያስቀይመኝም።

ፈንታሁን ዝናው


ሐይቅ፣ የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ

አሰላሙ ዐለይኩም። አውፍ ይበሉኝ። ይቅር ይበሉኝ፣ አይቆጡ፤ ይኸው ቁጥሩ።

ሙቀቱ ሁለት መቶ ሃያ ዲግሪ ነው። ጋሽ ኑርዬ መለኪያውን «ይቺ እንኳ ታግዘኛለች» ብለው ተቀብለውታል፤ እሳቸው ግን በበርሜሉ ቀዳዳ በሚወጣው ጭስ ቀለም ያውቁታል። ፈትኛቸዋለሁ፤ ከመለኪያው ጋር ይስማማሉ። አንድ ሰዓት ተኩል ይቆያል። ከዚያ በርሜሉ ሳይከፈት ያድራል፤ ትኩስ ሳለ አየር ካገኘ እሳት ይነሣበታል።

ሰጋቱራው ከውጫሌ የእንጨት ቤቶች ይመጣል። ፀሐይ ላይ ደርቆ ይመዘናል። መዝገቡን ከጥር አንድ ጀምሮ ገልብጬ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ደንቡ እንደተከበረ ያዩታል፤ ሃያ ስድስት ጊዜ በርሜል ተሞልቷል፣ ሃያ ስድስቱንም ጊዜ አሥር ኪሎ ገብቶ አሥር ኪሎ ወጥቷል። አንድ ፍሬ አልጎደለም።

እኔ በዓረብ አገር መጨረሻዎቹን ሦስት ዓመት የሠራሁበት ጣውላ ፋብሪካ ውስጥ የነበርኩት ማሸጊያ ክፍል ነው። ዱቄቱ ከፎቅ በቧንቧ ይመጣል፤ እዚያ ላይ ምን እንደሚደረግ እኛን አያሳዩንም ነበር። ማቅለጡን፣ መጭመቁን፣ ማቀዝቀዙን ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ እዚህም በዚያው መንገድ እየሠራነው ነው።

ጣውላው ውሃ ውስጥ ነው። ኢንሻአላህ ይወጣል።

ልጅዎ
መስኡዳ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለመስኡዳ ሀሚድ

መዝገቡ ደርሶኛል። እውነቱን ልናገርና ኮርቻለሁ። ሃያ ስድስት ጊዜ ገቢና ወጪው አንድ የሆነ ሰነድ በሥራ ዘመኔ ሁሉ አላየሁም፤ በዚህ አገር ከግምጃ ቤት የሚወጣ ነገር ሁልጊዜ ከገባው ያንሳል። ለጋሽ ኑርዬ ምስጋናዬን አድርሺልኝ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልመለስ። «ጣውላው ውሃ ውስጥ ነው» ብለሻል። ይህን እኔም እዚህ ሆኜ ማለት እችላለሁ። ጥያቄዬ ከወጣ በኋላ ምን ይመስላል የሚል ነበር። ትናንት ሙዘይን ደብዳቤሽን ሊያደርስ መጥቶ በር ላይ ከስህን ጋር ሲያወራ ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። ምን አለ ብላት እንደ ልማዷ አውራ ጣቷን አነሣች። አልቀበልም አልኳትና ወረቀት ሰጠኋት። እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ለዓሣ አጥማጆቹ የተሰጡት አሥራ ሁለት ጣውላዎች አብጠዋል ይላል።»

መስኡዳ፣ የማኅበሩ የበላይ ጠባቂ የማኅበሩን ወሬ ከሾፌር ይሰማል? ሐይቅ ከተማ ውስጥ ይህን የማያውቅ የቀረ ሰው አለ? ባጃጅ ነጂዎቹ ያውቃሉ? ቆሮሶዎቹስ?

የተጻፈ መልስ እጠብቃለሁ። በሰላምታ እንዳትጀምሪ።

ፈንታሁን ዝናው


ሐይቅ፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ

በሰላምታ አትጀምሪ ስላሉኝ አልጀምርም፤ እጄ ግን እምቢ ብሎኝ አንድ ወረቀት አበላሽቻለሁ።

አብጠዋል። አሥራ ሁለቱም። ጠርዛቸው እንደ ራሰ ካርቶን ተላልጧል፤ ሚስማሩ የገባበት ቦታ ተሰንጥቋል። መጀመሪያ ያየሁት ጥር 15 ነው። በማግሥቱ ያንን ረጅም ሰላምታ የጻፍኩልዎት ስለዚህ ነው።

ለምን ደበቅሽ ይሉኛል። አንድ ነገር ልንገርዎት። አባቴ የሞተ ጊዜ እኔ ዓረብ አገር ሰው ቤት ነበርኩ። ሰባት ወር ደበቁኝ። በደወልኩ ቁጥር «መስጂድ ሄዷል»፣ «ገበያ ወጥቷል» ይሉኝ ነበር። ሰባት ወር ሙሉ ከመስጂድ ያልተመለሰ አባት! በመጨረሻ ሰው ልከው ሲያረዱኝ ከሞቱ ይልቅ ያን ሁሉ ጊዜ ደህና ነው ብዬ መሳቄ አንገበገበኝ። የዚያን ዕለት እንዲህ አላደርግም ብዬ ምዬ ነበር። ይኸው በእርስዎ ላይ አደረግሁት። በሕክምና ላይ ያለ ሰው አይረበሽም አሉኝ፤ እኔም ተስማማሁ። ሲሠራብኝ ያመመኝ ነገር ስሠራው እንዴት ቀላል ሆነልኝ?

ያደረግነው ሁሉ ልክ ነው። ሙቀቱ ልክ ነው፤ ጊዜው ልክ ነው፤ ሚዛኑም እንዳዩት ሙሉ ነው። ስህተቱን ግን አላገኘሁትም። ያላገኘሁትን ማረም አልችልም።

ኮሚቴው መጋቢት 29 ይመጣል። ደላላው ትናንት ቤት መጥቶ «ቪዛው ዝግጁ ነው፤ ፓስፖርትሽን ብቻ ስጪኝ» ብሏል። እስካሁን አልሰጠሁትም። እናቴም ሻንጣዬን ከአልጋዋ ሥር አውጥታ አቧራውን ስትጠርግ አይቻታለሁ።

ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ቀርቶናል፤ እናንተም ዐቢይ ጾም ጀምራችኋል። በሁለቱም ጾም መካከል አውፍ ይበሉኝ።

መስኡዳ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለመስኡዳ ሀሚድ

የአባትሽን ነገር አላውቅም ነበር። ከዚህ በፊት የጻፍኩትን ስለ ቆሮሶዎቹ ያለውን መስመር አንሥቻለሁ፤ እንዳልተጻፈ ቁጠሪልኝ።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግሥት መዝገቡን ይዤ ወደ መምህሩ ሄድኩ። ወጣት ነው፤ ትሑት ነው፤ አልሰማም ስለው ጥያቄና መልሱን በነጭ ሰሌዳ ላይ ይጽፍልኛል። መዝገቡን ገለጠና የመጀመሪያውን ገጽ አየ። ሁለተኛውን አየ። ከዚያ ሳቀ። ሳቁን አልሰማሁትም፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ግን አየሁ። በሰሌዳው ላይም በትልልቁ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ይህ ሊሆን አይችልም።»

ሰጋቱራ ያን ያህል ሙቀት አንድ ሰዓት ተኩል ካየ ከውስጡ የሚተነው ይተናል። ያ በበርሜሉ ቀዳዳ የሚወጣው ጭስ እኮ ራሱ ሰጋቱራው ነው። ከአሥር ኪሎ ቢያንስ አንድ፣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ኪሎ መጉደል አለበት። ውሃ የሚጠጣው ክፍል ነው ተቃጥሎ የሚሄደው። ስለዚህ ካልጎደለ አልበሰለም። በስሎም ካልጎደለ ደግሞ አንድ ሰው አንድ ነገር ጨምሮበታል።

እኔን ያኮራኝ መዝገብ እንግዲህ ይህ ነው።

በሕግ ቋንቋ ልንገርሽ፤ ሰነዱ ሐሰተኛ ነው፣ ወይም በርሜሉ እሳት አላየም። ሦስተኛ መንገድ የለም። የሚመዝነው ማን ነው? ብቻውን ነው ወይስ ምስክር አለ? ሚዛኑስ ይሠራል? ማንም ይሁን ማን፣ ሽበቱም ሆነ ወዳጅነቱ ሳያግድሽ ጠይቂው። ያጠፋ ሰው ካለ ኮሚቴው ከመምጣቱ በፊት ስሙ ይውጣ። በእኔ በኩል አልራራም።

ፈንታሁን ዝናው


ሐይቅ፣ መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ ለዳኛ ፈንታሁን

አሰላሙ ዐለይኩም። ይህችን አንዲት ሰላምታ ይፍቀዱልኝ፤ ከሷ ቀጥሎ የሚመጣው ከባድ ነው።

ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ጋሽ ኑርዬን ለብቻቸው ጠየቅኋቸው። በርሜሉ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። የተናገሩትን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፍልዎታለሁ።

«ጋሽ ኑርዬ፣ ሰጋቱራው ከበርሜሉ ሲወጣ ስንት ይመዝናል?»

«አሥር።»

«ወጥቶ ወዲያው?»

«አሥር አልኩሽ እኮ። መዝገቡን አንቺው አይደለሽ የምትጽፊው?»

«ሚዛኑን ሲጠሩልኝ አሥር ነው። ከመጥራትዎ በፊትስ?»

ሙቀት መለኪያውን አንሥተው በጋቢያቸው ጫፍ መወልወል ጀመሩ። «ጾመኛ ሰው እንዲህ አይመረመርም» አሉኝ።

«ጾመኛ ሰው ደግሞ አይዋሽም፣ ጋሽ ኑርዬ።»

«እኔ ዋሸሁ? ወላሂ አልዋሸሁም! ስምንት ነው። አንዳንዴ ከስምንት ትንሽ ከፍ ይላል።»

«ሁለቱን ኪሎ ታዲያ ከየት ያመጡታል?»

«ከክምሩ ነዋ! ከቤቴ ላመጣው ነው? በደንብ ነፍቼ፣ ደረቁን መርጬ ነው የምሞላው።»

አባቴ፣ ይታይዎት። ጥሬውን ሰጋቱራ፣ ከበሰለው ጋር፣ ሃያ ስድስት ጊዜ!

«ለምን? ለምን ይሞላሉ?»

«አማና ነዋ፣ አደራ ነዋ፣ ልጄ! አሥር ተረክቤ ስምንት ብመልስ ሁለቱን የት አደረስኩት ልበል? ኑርዬ በስተርጅናው ሰጋቱራ ሰረቀ ይባል?»

«እሳት ነው እኮ ያጎደለው!»

ሳቁብኝ፤ በእውነት ሳቁ። «ለእኔ ልትነግሪኝ ነው? አርባ ዓመት ከሰል አክስያለሁ። አንድ ጋሪ እንጨት ገብቶ አንድ ጋሪ ከሰል ሲወጣ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አውቃለሁ፤ እሳቱም ያውቃል። ወረቀቱ ግን አያውቅም። ወረቀቱ ሙሉውን አምጣ ነው የሚለው።» ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ግድግዳው አንሥተው፣ ማንበብ የማይችሉት ሰው፣ በቃላቸው ወረዱት፦ «አንቀጽ አራት። ሰጋቱራ የተረከበ ሠራተኛ የተረከበውን መጠን በሚዛን ሳያጎድል ያስረክባል። ያጎደለ በኃላፊነት ይጠየቃል።»

ኅዳር ላይ የሼዱ ምርቃት ቀን እኔው ነኝ ያነበብኩላቸው። ሦስት ጊዜ አስደግመውኝ ነበር።

እንግዲህ ያጠፋ ሰው ካለ ስሙ ይውጣ ብለውኛል። የጋሽ ኑርዬን ስም አወጣሁ። ሌላም ስም ካለ እርስዎ ያውቃሉ፤ እኔ ልጽፈው አልደፍርም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሽማግሌው ሚዛኑን አይነኩም። «ዳኛው ምን አሉ?» ይላሉ በየቀኑ። ምን ልበላቸው?

መስኡዳ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለመስኡዳ ሀሚድ

ለመጻፍ ያልደፈርሽው ስም ፈንታሁን ዝናው ይባላል።

አንቀጽ አራትን የጻፍኩት ኅዳር ላይ ነው። ጎረቤት ለምድጃ እያለ ሰጋቱራ በማዳበሪያ ይወስድ ነበር፤ ያን ለማስቆም ነበር። አንድ ምሽት ተቀምጬ ዘጠኝ አንቀጽ አረቀቅሁ፤ ቃላቱን አስተካከልኩ፤ ደስ አለኝ። በርሜሉን ለሚያነድደው ሰው «እሳት ስንት ይበላል?» ብዬ አልጠየቅሁም። አርባ ዓመት ያከሰለ ባለሙያ አምስት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሞ እያለ ከሰል ስለማያውቅ ወረቀት ፈረምኩ፤ ከዚያም ወረቀቱን ስላከበረልኝ አመሰገንኩት። በመጨረሻም ለሐሰተኛ ሰነድ «አልራራም» ብዬ ጻፍኩ። ይህን ሁሉ ያደረግሁት በንጹሕ ሕሊና ነው። ይበልጥ የሚያበሳጨኝም እሱ ነው።

ጋሽ ኑርዬ «ዳኛው ምን አሉ?» ሲልሽ እንዲህ በዪው፦ ዳኛው «አውፍ በሉኝ» አሉ።

አንቀጽ አራት ከዛሬ ጀምሮ ተሽሯል። ወረቀቱን ከግድግዳው ቅደጂው። የሚመዝነው ጋሽ ኑርዬ ነው፤ የጎደለውን መጠን ያለ ሥጋት ይናገር። ከአንድ ኪሎ በታች ከጎደለ ተመልሶ በርሜል ይግባ፤ ከሁለት ኪሎ በላይ ከጎደለ እሳቱ በዝቷልና ለይታችሁ አስቀምጡት። ዛሬ ነገ ሳትሉ አዲስ ጣውላ አውጡ፤ መጋቢት 14 ውሃ ካልገባ አሥራ አምስቱ ቀን አይሞላም።

ከዚህ ጋር የታሸገ ፖስታ አለ። ለሼድ ኮሚቴው የጻፍኩት ነው። የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ጣውላዎች ያበጡት በእኔ ደንብ ምክንያት እንደሆነ፣ አንቺም ሆንሽ ጋሽ ኑርዬ ጥፋት እንደሌለባችሁ ይገልጻል። ፈርሜበታለሁ። ኮሚቴው ሲሰበሰብ በጉባኤው ፊት አንብቢው።

ለደላላውም ትንሽ ይቆይ በዪው።

ፈንታሁን ዝናው


ሐይቅ፣ ሚያዝያ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ

አሰላሙ ዐለይኩም። ኢዱን በሰላም ዋልን። መቼም በሰላምታ አልሸፍነውም፤ እንደ አቅሜ ቁጥሩን አስቀድማለሁ።

አዲሱ ጣውላ አሥራ አምስት ቀን ሐይቁ ውስጥ ሰነበተ። ሲገባ አራት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ነበር። ሲወጣ አራት ኪሎ ከሁለት መቶ ሠላሳ። ውፍረቱ አልተለወጠም። የኮሚቴው ሰብሳቢ በሜትር ለካው፤ አላመነም፤ ገልብጦ ለካው። ከዚያ መሬት ላይ አስቀምጦ በሁለት እግሩ ወጣበት። ከባድ ሰው ነው። ጣውላው አልተነፈሰም። ከዓሣ አጥማጆቹ አንዱ «ሰብሳቢ፣ ይውረዱ እንጂ፤ ጣውላው አለፈ፣ አሁን የሚፈተኑት እርስዎ ነዎት» ሲለው ሰው ሁሉ ሳቀ።

ሰብሳቢው ግን አልሳቀም። «ታዲያ የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ለምን አበጡ?» አለ። «የሕዝብ ንብረት ነው። አንድ ሰው ሊጠየቅበት ይገባል።»

ፖስታዎ በእጄ ነበር። ጋሽ ኑርዬ አፋቸውን ሲከፍቱ አየሁና እግራቸውን ረገጥኳቸው። «ምን ትረግጪኛለሽ?» አሉኝ ጮክ ብለው፤ እንደገና ረገጥኳቸው።

ከዚያ «እኔ ነኝ» አልኩ። «የቴክኒክ ኃላፊዋ እኔ ነኝ፤ ድብልቁን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

አላነበብኩትም፣ አባቴ። በዚህ አገር ስምዎ ሲጠራ ሰው ከመቀመጫው ይነሣል። ከሐይቅ እስከ ውጫሌ የተጣላ ሁሉ «ዳኛ ፈንታሁን ይዩልን» የሚለው አንድ ቀን እንኳ ተሳሳቱ ሲባል ስላልሰማ ነው። ያን ስም ለአሥራ ሁለት ጣውላ ብዬ በሰብሳቢው አፍ ላይ አላኖረውም። የአባትን ነውር መሸፈን እኛ ዘንድ ሲትር ነው፤ አላህም ይወደዋል።

ኮሚቴው ወሰነ። ሼዱ ለማኅበሩ ጸንቷል። ዓሣ አጥማጆቹ ስድሳ ጣውላ አዝዘዋል። ጋሽ ኑርዬ በሥራቸው ይቀጥላሉ። ኃላፊዋ ግን ትለወጥ ተባለ፤ ከዛሬ ጀምሮ የማኅበሩ ሥራ ላይ የለሁም።

ፓስፖርቴን ትናንት ለደላላው ሰጥቻለሁ። በረራው ከፋሲካ በኋላ ነው ብሎኛል። አይዘኑ። ሥራው ዳነ አይደል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ልጅዎ
መስኡዳ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመስኡዳ

ማን ሸፍኚልኝ አለሽ?

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰዎች ፊቴ ቆመው እውነቱን እንዲናገሩ አዝዣለሁ። የዘመዱን ጥፋት በራሱ ላይ የሚጭን ሰው ሲገጥመኝ «ይህ ደግነት አይደለም፤ ፍርድ ማዛባት ነው» ብዬ እቆጣ ነበር። አሁን የእኔኑ ጥፋት ተሸክመሽ ከአገር ልትወጪ ነው፣ እኔም ጋቢዬን ለብሼ ስሜ እንደተከበረ ልቀመጥ ነው! ሲትሩን አከብራለሁ፤ ከምን ልብ እንደመጣም አውቃለሁ። ነገር ግን እኔ የምሸፈንበት ጨርቅ አንቺ ልትሆኚ አይገባም። ደግሞ «ደህና ነኝ» ትይኛለሽ! ልጄ፣ ይህን ቃል ከዚህ በኋላ ከአንቺ አልቀበልም።

ሰዎች ተሳሳተ ሲባል ስላልሰሙ ያከብሩኛል ብለሻል። ያልሰሙት ከአንቺ በፊት የነበሩትም እግር ሲረግጡ ኖረው ይሆናል። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ስንት አንቀጽ አራት ጽፌ እንዳለፍኩ ሳስብ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የደብዳቤውን ሁለተኛ ቅጂ ዛሬ በሙዘይን እጅ በቀጥታ ለሰብሳቢው ልኬዋለሁ፤ አንቺ ዘንድ አያልፍም። ማክሰኞ እኔው ራሴ እነሣለሁ። ስህን «በሰሙነ ሕማማት ጉዞ ምንድን ነው? ሕክምናውስ?» ብላ ሁለት ገጽ ጽፋልኛለች፤ እውነቷን ነው፣ ግን አልቀርም። ረቡዕ ጠዋት በሦስት ሰዓት ኮሚቴው ፊት ቆሜ የሆነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እናገራለሁ። ከዚያም ውሳኔው እንዲታረም፣ አንቺም ወደ ሥራሽ እንድትመለሺ በጽሑፍ እጠይቃለሁ። ጋሽ ኑርዬም ይምጣ፤ በዚያን ቀን እግሩን ማንም እንዳይረግጠው።

እስከዚያ ፓስፖርትሽን ከደላላው እጅ ተቀበዪ። ይህን የምልሽ ለምኜ ነው፤ ማዘዝማ የት እንዳደረሰን አይተናል።

ፈንታሁን